ከሻዩ በፊት ስኳሩ

እትዬ ነጂባ በየቀኑ፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ የወረቀት ኩባያ ታነሳና ስኳሩን ቀድማ ትጨምርበታለች። ከዚያ የኩባያውን ቂጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርገዋለች። ስኳሩ ተስተካክሎ ታች ሲተኛ ብቻ ነው ከፔርሙዟ ሻዩን ከፍ አድርጋ የምታፈስበት። በማንኪያ አታማስለውም። ሻዩ ሲወርድ ራሱ ያማስለዋል።

ይህን የምታደርገው ሲያትል አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ዊልቸር የሚገፉ ሠራተኞች አረፍ በሚሉባት መስኮት አልባ ክፍል ነው። እኔ እዚያው ጥግ ተቀምጬ የትኛው ዊልቸር ወደ የትኛው በር እንደሚሄድ ስክሪን እያየሁ እመድባለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት እጇን ሳይ ያዘችኝ።

"ምን ያሳይሻል?"

"ምንም፣ እትዬ። አንቱ ስኳሩን መጀመሪያ..."

"አንቱን ተይው፤ ወገቤ ሲጎብጥ ትይኛለሽ። ስኳር ከላይ ሲነሰነስበት ሻይ ይቀየማል። ሃሴት ነሽ አይደል? ዩኒቨርሲቲ ምን ተማርሽ?"

"ግጥም።"

ትንሽ አሰበችበት። "ጥሩ ነው። ደብዳቤስ መጻፍ ትችያለሽ?"

አብሮን የሚሠራው ጌዴዎን ከወንበሩ ሳይነሳ ሳቀ። "ሃሴት፣ ኖ በይ። ነጂባ ደብዳቤ ካለች ሐምሳ ገጽ ነው።"

"አንተ ዝም በል፤ በር ኤን ሰባት ላይ የምትገፋት ሴትዮ እየጠበቀችህ ነው" አለችው። ሴትዮዋ በእርግጥም ትጠብቅ ነበር። እትዬ ነጂባ የሁሉንም ሰው ምድብ በቃሏ ትይዛለች፤ ስክሪኑን የማየው እኔ ነኝ እንጂ።

ደብዳቤው የሷ ጉዳይ አልነበረም። ኢሕሳን ለምትባል ሱዳናዊት ሐኪም የምስክርነት ቃል ነበር። ኢሕሳን አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቃለች፣ ጉዳይዋ ዳኛ ፊት ደርሷል። ካርቱም ላይ የደረሰባትን በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው ያለው። እሷም እትዬ ነጂባ ናት። ዳኛዋ ካላመኑ ኢሕሳን ትመለሳለች።

ቃሏን ለመጻፍ አምስት ቅዳሜ ሬኒየር ቫሊ ያለው አፓርትመንቷ ሄድኩ። ጌዴዎን እንዳለው ሐምሳ ገጽ ሆነ። የኢሕሳን ጠበቃ ስድስት ብቻ ወሰደች። የቀረውን ይዤው ቆየሁ፤ ይህ ከዚያ የተወሰደ ነው።

እትዬ ነጂባ የከሚሴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገች። ሲጠፋ በመተማ በኩል ካርቱም ገባች። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች። የቤቱ እመቤት "አንቺ ዓይንሽ ደፋር ነው" ብላ ስታሰናብታት፣ የመጨረሻ ደመወዟን ይዛ ወጥታ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ጀበና የሚያህሉ የሻይ ማንቆርቆሪያዎች፣ አሥራ ሁለት ብርጭቆና ስድስት ዝቅተኛ ወንበር ገዛች። ከአንድ ሆስፒታል የኋላ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። እዚያ ተቀመጠች። አሥራ ስድስት ዓመት አልተነሳችም።

"ካርቱም ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ሴት ማለት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?" አለችኝ አንድ ቅዳሜ። "ፖሊስ ያባርራታል፣ ዳኛ ሲደክመው እሷ ጋ ይቀመጣል፣ ተማሪ ለፈተና እሷ ጋ ያጠናል፣ ወታደር ደመወዙ ሲዘገይ እሷ ጋ ያማርራል። ሁሉም ይናገራል፤ እሷን ግን የሚያያት የለም። እጇን ብቻ ነው የሚያዩት።"

ደንበኞቿን በስም ለማወቅ አትቸኩልም ነበር። መጀመሪያ የምታውቀው የስኳራቸውን ልክ ነው። አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ "ስንት?" ብላ አትጠይቅም። ብርጭቆ አንስታ ልኩን ትጨምራለች፣ ሁለት ጊዜ መታ ታደርጋለች፣ ታፈሳለች። አንድ ሰው ከዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ አትሳሳትም። "የነርሶቹ አለቃ ባሏ የሞተ ጊዜ ስኳር ተወች፤ ከሁሉም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ" ትላለች።

አግብታ ነበር ወይ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት።

"ነበር። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር። አልተስማማንም።"

ኢሕሳን ከዛፉ ሥር መምጣት የጀመረችው የሕክምና ተማሪ ሳለች ነው። ለፈተና ስታጠና ብርጭቆው እጇ ላይ ይቀዘቅዛል፤ እትዬ ነጂባ ሳትጠየቅ ትቀይርላታለች። አንድ ቀን ኢሕሳን ከስልኳ ቀና ብላ "የዲቪ ሎተሪ ሞልተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሞላችላት፤ ፎቶውንም በዛፉ ግንድ ላይ ነጭ ነጠላ ወጥራ አነሳቻት። እትዬ ነጂባ ረሳችው። ሎተሪው ግን አልረሳትም፤ ዛሬ ሲያትል ያለችው በዚያ ፎርም ነው።

ሎተሪው ከመድረሱ በፊት ያ ሰኞ መጣ። ጥቅምት 2014 አጋማሽ ላይ ነበር። ገና ሳይነጋ ጄኔራሎቹ ሚኒስትሮቹን ከየቤታቸው ሰብስበው አሰሩ። ስልክ ተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ድልድዮቹ ተዘጉ። ሬዲዮው የአገር ፍቅር ዘፈን ብቻ ያዘፍን ነበር። እትዬ ነጂባ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ "ዛሬ አትውጪ" አለቻት። እሷ ግን ምድጃዋን ተሸክማ ወጣች።

"መንግሥት ቢገለበጥም ሰው ሻይ ይጠጣል። እንዲያውም ያን ቀን ይብሳል።"

ረፋዱ ላይ ሰዉ በየሰፈሩ ጡብ ደርድሮ መንገድ ዘጋ፣ ጎማ አቃጠለ፣ ወደ መሐል ከተማ ተመመ። ከዚያ ተኩስ ተሰማ። የቆሰሉት በሞተር ብስክሌት፣ በሰው ጀርባ፣ በበር መዝጊያ ላይ ተጋድመው ወደ ሆስፒታሉ ገቡ። ኢሕሳን ሐኪም ከሆነች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ያን ቀን ስንቱን እንደሰፋች አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ሰልፈኛ ያከመ ሐኪም እየለዩ ለመያዝ በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ኢሕሳን በኋላው በር ወጣች። ነጭ ጋውኗ በደም ተበክሏል። የት እንደምትሄድ ሳታውቅ መንገዱን ተሻግራ ዛፉ ሥር ቆመች።

እትዬ ነጂባ ጋውኑን አውልቃ ከሰል ጆንያው ውስጥ ከተተችው። የራሷን ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ጠቀለለችባት። ከዚያ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አላስቀመጠቻትም። ከምድጃው ጀርባ፣ በራሷ ቦታ፣ ሻጯ የምትቀመጥበት ላይ አስቀመጠቻት። እሷ ወርዳ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

"ወታደር የሚያየው ሊጠጣ የተቀመጠውን ሰው ነው" አለችኝ። "ሻይ የምትቀዳዋን ማን ያያታል?"

አንድ ወታደር መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ሻይ ጠየቀ። ኢሕሳን ቀዳችለት። ጠጣ። ተነሳና ማዶ ለቆሙት ጓደኞቹ "እዚህ ሻይ ሻጮች ብቻ ናቸው" ብሎ ጮኾ ሄደ። ኢሕሳን እስኪመሽ እዚያው ተቀምጣ ሻይ ሸጠች።

ይህ ነው የምስክርነት ቃሉ። ከዚያ ወዲህ የኢሕሳን ቤት ሁለት ጊዜ ተፈትሿል፣ አብረዋት የሠሩ ሁለት ሐኪሞች ታስረዋል። ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ መጥታ ሳለች እነዚያው ጄኔራሎች እርስ በርስ ተዋጉ፣ ከተማዋ ፈረሰች። መመለሻ አልነበራትም። እትዬ ነጂባ ወዳለችበት ሲያትል መጣች፤ አሁን ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ዴ ሞይን ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያወሩት በአረብኛ ነው።

ከችሎቱ በፊት ባለው ሳምንት ጠበቃዋ እትዬ ነጂባን ጠራቻት። ቢሮዋ ሬኒየር ላይ ከአንድ ግሮሰሪ በላይ ነው፤ እኔ ላስተረጉም ሄድኩ። ጠበቃዋ ፈጣን ሴት ናት።

"የመንግሥት ጠበቃ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል" አለች። "ወታደሩ ሐኪም ሊይዝ ነው የመጣው። ኢሕሳን ራሷ ጫማዬ ላይ ደም ነበር ብላለች። ታዲያ ለምን ትቷት ሄደ? ፊቷን በቶቡ ስለሸፈነች ነው ማለት ትችያለሽ?"

አስተረጎምኩላት።

"ፊቷን አልሸፈነችም" አለች እትዬ ነጂባ። "በዚያ ሙቀት፣ ከሰል አጠገብ፣ ፊቷን የምትሸፍን ሻይ ሻጭ ማን አለች? ያላየሁትን አልምልም።"

"እሺ። ታዲያ ለምን ይመስልሻል?"

"የሚመስለኝን ነው የምትጠይቀኝ የማውቀውን?"

"የምታውቂውን" አልኩ ለጠበቃዋ ሳልነግር።

"እሱን አልናገርም።"

ይህን ስተረጉም ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ያ ከሰዓት ካልታመነ ሌላው ሁሉ አብሮ እንደሚወድቅ፣ ኢሕሳን ወደ ሱዳን በሚመልሳት አውሮፕላን ላይ እንደምትሳፈር ቀስ ብላ ነገረችን። እትዬ ነጂባ ሁለት ጊዜ እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን ነው የነገረችኝ። ወታደሩን ታውቀዋለች። ዓመታት ደንበኛዋ ነበር፤ ስሙን ከነአባቱ ታውቃለች። ኢሕሳን ስትቀዳለት ሐኪም መሆኗን አውቋል። አውቆ ነው የተዋት።

"ኢሕሳንስ ታውቃለች?"

"እሷ በቶቡ ያመለጠች ይመስላታል። ያን ቀን ተቀምጣ፣ ወታደር ዓይን ዓይኑን እያየች ሻይ መቅዳቷ ነው ከዚያ ወዲያ ሰው ያደረጋት። 'እንዳንቺ ሆኜ አታለልኩት' ትላለች። ምን ብዬ ልንጠቅባት?"

"ግን እትዬ፣ ችሎቱ እኮ ዝግ ነው። ወረቀቱም ምስጢር ነው። ማንም አያየውም።"

"የተዘጋውን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። ያ ድልድይ ስንት ዓመት ክፍት ነበር፤ አንድ ማለዳ ስንነሳ ዘግተውታል። እሱ አሁንም እዚያ ካለ፣ 'ሐኪሟን ለቀቃት' የሚል ወሬ ብቻ ይበቃዋል።"

አውቶቡሱ መጣ። ቀድማኝ ገብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

በችሎቱ ቀን ጠዋት ጌዴዎን ስልክ ደውሎ "ቸርች ውስጥ ሁላችን እየጸለይን ነው በያት" አለኝ። ነገርኳት። "በርቱ በይው" አለች። "እኔም ሰግጃለሁ። ጠበቃዋ ሁለቱንም ትፈልጋለች።" ይህን ስትል ፊቷ ላይ ጭንቀት አልነበረም። በሌሊት ወስናለች ብዬ አሰብኩ፤ ምን እንደወሰነች ግን አላውቅም።

ችሎቱ መሐል ከተማ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ክፍል ነው። ኢሕሳን ስለፈቀደች ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ አዛውንት ሴት ናቸው። አስተርጓሚው በስክሪን ላይ የሚታይ፣ ከሌላ ስቴት የሚሠራ ጎልማሳ ሰው ነበር። እትዬ ነጂባ ማለች። የኢሕሳን ጠበቃ የጠየቀቻትን ሁሉ መለሰች። ከዚያ የመንግሥቱ ጠበቃ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ግን አይለቅም።

"እርስዎን እዚህ ያደረሰውን ፎርም የሞላችው ኢሕሳን ናት። ለእሷ ብለው አይዋሹም?"

"ለእሷ ብዬ ብዙ ነገር አደርጋለሁ። ውሸት ብፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ እፈጥር ነበር።"

አስተርጓሚው ሳል አለ፣ ከዚያ አስተረጎመ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ግን ቀና አሉ።

"እሺ። ወታደሩ ሐኪም እየፈለገ ነው። ጫማዋ ደም የነካው ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ለምን ትቷት ሄደ?"

ኢሕሳን እጆቿን አቆላልፋ ነበር። እትዬ ነጂባ ወደ እሷ አላየችም።

"ማን እንደሆነች ስላወቀ ነው።"

"ያወቀ መሆኑን እርስዎ በምን አወቁ?"

"በሻዩ። እኔ ጋ ስኳሩ ከሻዩ በፊት ነው የሚገባው። ያ ወታደር ዓመታት ደንበኛዬ ነው፤ ስንት ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀን ልጅቷ 'ስንት?' አለችው። አየኝ። ከዚያ ነገራት። እሷ ሻዩን ቀዳችና ስኳሩን ከላይ በተነችበት። ማንኪያም አልሰጠችውም። እንዲህ ያለ ሻይ ሌላ ቀን ቢሆን ይመልስልኛል፣ ይሰድበኛል። ያን ቀን እስከ መጨረሻው ጠጣው። ጫማዋን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። ተነሳና ለጓደኞቹ እዚህ ሻይ ሻጮች ብቻ ናቸው ብሎ ጮኸ።"

አስተርጓሚው "ስኳሩን ከሻዩ ጋር" ብሎ ሲተረጉም፣ ይህን ያህል እንግሊዝኛ ታውቃለችና አቋረጠችው። "ወንድሜ፣ በኋላ ነው ያልኩህ። ከሻዩ በኋላ። ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።" ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ።

ያኔ ነው ኢሕሳን ቀና ያለችው። በእንግሊዝኛ ነበር የሰማችው። አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

"የወታደሩን ስም ያውቃሉ?" አለ የመንግሥቱ ጠበቃ።

"አውቃለሁ።"

"ይንገሩን።"

"አልናገርም።"

የኢሕሳን ጠበቃ ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛዋ ራሳቸው ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብለው ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

"እውነቱን እንድናገር አስምላችሁኛል" አለች እትዬ ነጂባ። "እውነቱ አውቀዋለሁ ነው። አላውቀውም ብል ይቀለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። ስሙን ብሰጣችሁ ደግሞ አንዷን አወጣሁ፣ ሌላውን አስያዝኩ ማለት ነው። እሱ ያን ቀን እንዲያ አላደረገም።"

አስተርጓሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይጥል አስተረጎመ። ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። "ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሂዱ" አሉ። ወጣቱ ጠበቃ ወረቀቱን አየና የሚቀጥል ጥያቄ የለኝም አለ።

ስንመለስ ሦስታችን ባቡር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኢሕሳን ወደ አየር ማረፊያው ቀጥላ ከዚያ በአውቶቡስ ዴ ሞይን ትሄዳለች። ብዙ ፌርማታ አለፍን። ከዚያ በአረብኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ እትዬ ነጂባም በአጭሩ መለሰችላት። ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ምን እንዳለች ጠየቅኩ።

"ሻዬ መጥፎ ነበር ወይ አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"እጅግ አልኳት። ግን እስከ መጨረሻው ተጠጣ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠበቃዋ ኮል አደረገች። ዳኛዋ ጥገኝነቱን ፈቅደዋል። በውሳኔው ላይ ምስክሯ ለራሷ ወገን የሚቀለውን መልስ ትታ የሚከብደውን መምረጧ ለታማኝነቷ ማስረጃ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ለእትዬ ነጂባ ስልኳ ላይ አነበብኩላት። አየር ማረፊያው ውስጥ አንድ አዛውንት በዊልቸር ይዛ ቆማ ነበር። "አልሐምዱሊላህ" አለችና አዛውንቱን ወደ በራቸው ገፋች፤ አውሮፕላናቸው ሊሄድባቸው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኢሕሳን ማረፊያ ክፍሉ ድረስ መጣች፤ የእረፍት ቀኗ ነው። ኩባያ አነሳች፣ ስኳር ጨመረች፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታች፣ ከፔርሙዙ ቀዳች። ለእትዬ ነጂባ ሰጠቻት። እትዬ ነጂባ ቀመሰች።

"እሺ?" አለ ጌዴዎን።

"ሐኪምነቱ ይሻላታል" አለች፤ ግን ጨረሰችው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ቤቷ ሄጄ አነበብኩላት። እግሯን አጣጥፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሰማች። የባሏን ነገር ሳነብ ላወጣው አልኳት፤ "ተይው፣ ይሳቁበት" አለች። 'ዓይንሽ ደፋር ነው' ያለቻትን እመቤትም ተወቻት። ከሚሴን፣ ዛፉን፣ ጆንያውን፣ ሁሉንም ተወችው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጇን አነሳች። ኢሕሳን ወታደሩን "ስንት?" ስትለው የመለሰውን ጽፌው ነበር።

"እሱን አውጪው።"

"ስሙን እኮ አልጻፍኩም፣ እትዬ።"

"ስም ምን ያደርጋል? በዚያ ዛፍ ሥር ሻይ የጠጣ ሁሉ በስኳሩ ያውቀዋል።"

ሰረዝኩት። ወታደሩ ስንት ማንኪያ እንዳላት እዚህ የለም።